ካሜራው ሲበራ ትመጣለች

ፈጠራ ነው የሚለኝ ካለ አልከራከረውም። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያውም በጠራራ ፀሐይ...

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ወሩ ኅዳር። ቦታው ዲላ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብሎ ያለችው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ።

ስሜ ሐያት ነው። የደሴ ልጅ ነኝ። ለትምህርት መጥቼ እዚሁ ቀረሁ።

ጥቁር ሻሽ ያሰሩ እናት ገቡ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ትንሽዬ ዌብካም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ሙሉካ እባላለሁ። ይሄ ካሜራ እንቢ ብሏል። ሥሪልኝ፣ ልጄ።»

«የርስዎ ነው?»

«የእህቴ። የሉሲ።»

ከፈትኩት። የተጫነበት ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ ነው። ልጅቷ ኮምፒውተር የምታውቅ መሆኗ ወዲያው ገባኝ።

«እትዬ ሙሉካ፣ ራሷ ብትመጣ ይሻል ነበር። የምጠይቃት ነገር አለ።»

«ካሜራው ሲበራ ትመጣለች።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም።

ካሜራውን ሰካሁት። ሊኑክሱ ዕቃ መሰካቱን አወቀ፤ ድራይቨር ግን የለውም። ከካሜራው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ጠፍቷል ማለት ነው። አሮጌ ካሜራ ላይ ያጋጥማል። እንዲህ ሲሆን የድራይቨሩን ኮድ ከኢንተርኔት አውርጄ እዚያው ማሽኑ ላይ አዘጋጀዋለሁ።

በስልኬ ዳታ አወረድኩት። ትእዛዞቹን መጻፍ ጀመርኩ።

የካሜራው መስታወት እርጥብ ነበር። በሶፍት ጠረግሁት።

ትንሽ ቆይቼ ሳየው... እንደገና ረጥቧል።

ድራይቨሩ ተጫነ። ካሜራውን ልከፍት ስል «ፈቃድ የለዎትም» አለኝ። ይሄም የተለመደ ነው። የሉሲን ስም ካሜራ መክፈት ከሚፈቀድላቸው ተጠቃሚዎች ጋር አስገባሁ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት።

አረንጓዴዋ መብራት በራች።

ስክሪኑ ላይ የራሴን ፊት ጠበቅሁ።

የመጣው ግን ቡና ነው።

ሜዳ ሙሉ የቡና ማድረቂያ አልጋ። ሴቶች ዙሪያውን ቆመው ቡና ይለቅማሉ። ምስሉ ከፍ ዝቅ ይላል... ሰው ሲራመድ እንደሚያየው።

የተቀረጸ ቪዲዮ መስሎኝ መዝጊያውን ፈለግሁ። ቪዲዮ የለም። የተከፈተው ካሜራው ብቻ ነው።

መስታወቱን በመዳፌ ሸፈንኩት።

ምስሉ አልጨለመም።

እትዬ ሙሉካ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ኢዲዶ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ዳምጠው ያለበት... ቡና ማጠቢያው።»

«ዳምጠው ማነው?»

ጣታቸውን ዘርግተው ምስሉን ተከተሉ።

ምስሉ በሴቶቹ መሃል አለፈ። ማንም ቀና ብሎ አላየም። አንዷ ብቻ፣ በዚያ ፀሐይ፣ እንደበረዳት ሰው ሻርፗን ወደ አንገቷ ሳበች።

«እትዬ... ሉሲ የት ናት?»

«ሞታለች።»

«ምን?»

«እዚያው፣ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ። ቡና መዝጋቢ ሆና ገብታ ነበር። ዳምጠው አለቃዋ ነው። ፈለጋት፣ እንቢ አለችው። በኋላ ተንሸራታ ገባች አለ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ሬሳዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት ነበር። ጮህኩ። ምስክር የለም ተባለና ተለቀቀ።»

«ታዲያ ካሜራው...?»

«በሕልሜ ትመጣለች። ‹እታለም፣ አይታየኝም› ትላለች። ‹ካሜራዬን አሠሪልኝ› ትላለች።»

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ሰውዬ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን ሰጥቶናል። ስልክ ያወራል፣ ይስቃል።

ምስሉ ከኋላው ቆመ።

ሳቁን አቋረጠ... ቀስ ብሎ ዞረ።

ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በርጩማውን ገልብጦ ሮጠ። ምስሉ አልሮጠም። በዚያው እርምጃ፣ ሳይቸኩል ተከተለው። ሰውዬው ግን አይርቅም። እየሮጠ አይርቅም!

የእትዬ ሙሉካ ስልክ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ሙሉካ! ሙሉካ፣ መልሺያት! በጌታ!» ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«ማንን?»

«እኔ ነኝ... በቃ፣ እኔ ነኝ! አንቄ ነው የጣልኳት! ይኸው ተናገርኩ! መልሺያት!»

እትዬ ሙሉካ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። ከዚያ በጣም በቀስታ ጠየቁት።

«ለምናህ ነበር?»



«አዎ።»

ስልኩን ዘጉት።

«እትዬ!» አልኩ። «ሰማነው እኮ! አምኗል! ለፖሊስ እንደውል!»

«ያኔም ደውዬ ነበር፣ ልጄ።»

አልቻልኩም። ገመዱን ነቀልኩት።

ካሜራው እጄ ላይ ነው። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ቀጥሏል።

ድራይቨሩን ለማውጣት ትእዛዝ ጻፍኩ። ላፕቶፑ መለሰልኝ...

«ሥራ ላይ ነው። ማውጣት አይቻልም።»

ደግሜ ጻፍኩ። «ሥራ ላይ ነው።»

ማጥፊያውን ተጭኜ ያዝኩ። አልጠፋም።

«ተዪው» አሉኝ እትዬ ሙሉካ፣ እጄን ይዘው። «አንቺ የድርሻሽን ሠርተሻል።» ከስክሪኑ ዓይናቸውን አልነቀሉም። «ሂጂ፣ የኔ እናት» አሉ፤ ይህን ያሉት ለእኔ አልነበረም። «ሂጂ፣ ደርሰሻል።»

ሰውዬው ባዶ ማድረቂያ አልጋ ላይ በጀርባው ወደቀ። ሊነሳ ሞከረ። አልቻለም።

ከስክሪኑ ግርጌ ሁለት እጆች ገቡ። ቀጫጭን፣ የወጣት ሴት እጆች። ውሃ ውስጥ ብዙ እንደቆየ ቆዳቸው ነጥቶ ተጨማዷል።

አንገቱን ሊያንቁት መስሎኝ ዓይኔን ልጨፍን ነበር።

አላነቁትም።

ዝናብ ሲመጣ ቡናው የሚሸፈንበትን ፕላስቲክ አነሱ። ከእግሩ ጀምረው ቀስ እያሉ ሸፈኑት። ዳር ዳሩን አስገቡ... ልጅ እንደሚያስተኙ። ደረቱን። አገጩን።

ከዚያ ፊቱን።

አጠገቡ ሴቶቹ ቡና መልቀማቸውን ቀጥለዋል።

አፉ ላይ ፕላስቲኩ በትንፋሽ ደበዘዘ። ጠራ። ደበዘዘ። ጠራ።

ከጎኑ፣ ማንም ባልተኛበት፣ ፕላስቲኩ በሌላ ትንፋሽ ደበዘዘ።

የሱ እየዘገየ ሄዶ ቆመ...

የጎኑ ቀጠለ።