የጨው ታኮ

ደምመላሽ ሞቶ የተገኘው ለንደን፣ ዌምብሊ፣ ከቤቱ በታች ባለው ቁልቁለት ግርጌ፣ ከግንብ ጋር በተላተመች ታክሲው ውስጥ ነው። ፍሬኑ አልያዘለትም። ሚስቱ ፅጌረዳ ለፖሊስ አንድ ስም ብቻ ሰጠች፤ የገዛ ወንድሟን።

የአደጋ መርማሪዋ ሶልያና ባትሪ ይዛ የተጋጨችው ታክሲ ሥር ሃያ ደቂቃ ከተኛች በኋላ ወደ ወንድምየው ጋራዥ ሄደች።

«ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት ስለ ምን ተጣላችሁ?»

«ስለ መኪና» አለ ሕዝቅያስ።

«መኪናዋን መጨረሻ የነካሃት አንተ ነህ። ሊያስሩህ ነው እኮ።»

«ይሁን።»

ጥፋተኛ ሰው ቢያንስ ለመዋሸት ይሞክራል። ይሄኛው አልሞከረም፤ ያ አናደዳት።

በማግስቱ ጠዋት የሟቹን አባት፣ አቶ ገብረመድኅንን፣ ልጃቸው ቤት ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው። ባዶው የመኪና ማቆሚያ ላይ ጎንበስ ብለው ከባልዲ ቀላ ያለ ጨው ይከምራሉ።

«አባባ፣ መኪናዋ የለችም እኮ።»

«እጄ ለምዶ ነው፣ ልጄ። አገር ቤት የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ቁልቁለት ላይ ጎማ ሥር ታኮ ሳላደርግ አቁሜ አላውቅም። እዚህ በረዶው ላይ ድንጋዩም አብሮ ይንሸራተታል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ለመንገድ በረዶ ማቅለጫ ካስቀመጠው ቢጫ ሣጥን ጨው እየዘገንኩ ከኋላ ጎማው ሥር እከምራለሁ። ሦስት ዓመት፣ በብርዱ ወራት አንድ ቀን አላጓደልኩም።»

ሶልያና ምንም አልጻፈችም።

በሰባተኛው ቀን ፅጌረዳን፣ ሕዝቅያስንና ሽማግሌውን ለቅሶው ቤት ሰበሰበቻቸው።

«የፍሬን ዘይት ቱቦው አልተቆረጠም» አለች። «ቢቆረጥ ጫፉ ያብለጨልጭ ነበር። ይሄ እንደ ወረቀት ሳስቶ ነው የፈነዳው። ዝገት ነው።»

«የለንደን መኪና ሁሉ ጨው ላይ ነው የሚነዳው» አለች ፅጌረዳ። «የስንቱ ፈነዳ?»

«የመንገድ ጨው መኪናን ዙሪያውን ነው የሚበላው። የዚህች ግን የፊቱ ደህና ነው፤ የበሰበሰው በኋላ ጎማው በኩል፣ ከታች ወደ ላይ ነው። መኪናዋ ቆማ በምታድርበት ጨው ይከመርባት ነበር።»

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ካቆመች ግን ሕዝቅያስ ዝገቱን እያየ ዝም ብሏል ተብሎ ይታሰራል።

«ሕዝቅያስ፣ አንተ አይተኸዋል። የተጣላችሁት በዚህ ነው።»

ሕዝቅያስ ወለሉን እያየ ተናገረ። «ቱቦውን ዛሬውኑ ልቀይርልህ፣ ጨዉንም አስቁም አልኩት። ‹ለቱቦው ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ፤ ጨዉን ግን ለአባቴ ትንፍሽ እንዳትል፤ አገሩን ከለቀቀ ወዲህ የቀረው ሥራ እሱ ብቻ ነው› አለኝ። አስማለኝ።»

ፅጌረዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሽማግሌው ከሁሉም ዘግይተው ገባቸው።

«የኔ ታኮ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ስሜን ጻፊ።»

«ሕግ የሚጠይቅዎት ነገር የለም።»

«ታዲያ ማን ይጠይቀኛል?»

ፅጌረዳ ተነሥታ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። ቀና ብላ አማቷን ልታይ ሞከረች። አልቻለችም።