ከመቀመጫው ኋላ የቆመው ብረት

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከትልቁ ትራክተር ሳይነቅል። «የመጣነው ትራክተር ልንገዛ እንጂ ጋሪ ልንገዛ አይደለም በይው።»

ያ ሰውዬ የሚባለው የአባቷ ታላቅ ወንድም ነው። ዮርዲ ጋሼ ሀብቴ ትላቸዋለች። አየር ጤና፣ ከሚኒባሶቹ መዞሪያ ጀርባ፣ በትራክተር ሻጩ በኑሕ ግቢ ወዲያኛው ጫፍ እሳቸው በኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ቆመዋል። አባቷ ሰብስቤ በሩ ጋ ነው። በመሃላቸው ሁለት ያገለገሉ ትራክተሮች፣ የዘይት ኩሬ፣ የሚጮህ ጄኔሬተርና ዮርዲ አሉ።

ወንድማማቾቹ መነጋገር ያቆሙት ዮርዲ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። አሁን ስምንተኛ ናት። ነገሩ የተነሳው አያቷ ትተውት በሞቱት የባሕር ዛፍ ጫካ ነበር። ጫካው ከቡራዩ አልፎ ኮረብታ ላይ ነው። አንዱ እንካፈል አለ። ሌላው አይቆረስም አለ። ከዚያ ቃል ተወራወሩ፤ ቀራንዮ ያለው ግቢያቸው በቆርቆሮ አጥር ለሁለት ተከፈለ። ጫካውን ግን ሽማግሌዎች እንዳይከፈል ከለከሉ። ዘንድሮ ደግሞ እነዚሁ ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። አጠናው ከዚያ ቁልቁለት በሰው ትከሻና በአህያ ወርዶ አያልቅም፤ ለሁለታችሁም የሚሆን አንድ ትራክተር ግዙ፤ አንዳችሁ ያለ ሌላችሁ እንዳትገዙ አሏቸው። እሺ አሉ። በአንድ ቀን መጡ። በአንድ መኪና ግን አልመጡም።

መነጋገር ሲኖርባቸው በዮርዲ በኩል ነው። በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ስትመላለስ ያደገች ልጅ ናት። እናቷ አልማዜ ገና በትንሽነቷ መክራታለች። «የሰማሽውን ሁሉ እንዳለ አታድርሺ። ስድቡን እዚያው ጥለሽ ፍሬ ነገሩን ብቻ ይዘሽ ሂጂ።» ዮርዲ በዚህ ጎበዝ ሆነች። እስከ ዛሬ ዱላ ያልተማዘዙት በእሷ እንደሆነ ታውቃለች። ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም።

በዘይቱ ኩሬ ዙሪያ አድርጋ ወደ ኮንቴይነሩ ሄደች።

«ጋሼ፣ አባዬ ትልቁ አይሻልም ወይ ይላል።»

ጋሼ ሀብቴ አስኮ አጠና የሚሸጡ፣ ረጅም፣ ደረቅ ሰው ናቸው። ሲናገሩ የሚያናግሩትን ሰው አያዩም። ትልቁን ትራክተር በአገጫቸው አመለከቱ። ቀይ ነው። ባለ መስታወት ጋቢና አለው። የጭስ ማውጫው ከኮፈኑ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ይኼ የስንዴ ማሳ ትራክተር ነው። ጫካ ሲገባ መስታወቱን ቅርንጫፍ ያራግፈዋል። ጎኑ ደግሞ ሰፊ ነው፣ በዛፎቹ መሃል አያልፍም። እሱን ለማሳለፍ ጫካውን ልንጨፈጭፍ ነው? ያ ምስማር ቸርቻሪ የሙሽራ መኪና ካማረው ተከራይቶ ይዙር በይው። ትንሹን ይይ። ዝቅ ያለ ነው። አራቱም ጎማ ይጎትታል። ሆዱ ሥር ብረት ለብሷል፤ ጉቶ ቢመታው አይቀደድም።»

ዮርዲ የሙሽራውን መኪና የዘይቱ ኩሬ ውስጥ ጥላው ተመለሰች።

«ትንሹ በዛፎቹ መሃል ያልፋል ይላሉ። ትልቁ ሲሆን ዛፍ መቁረጥ ይመጣል። ትንሹ ሆዱ ሥርም ብረት አለው፣ ለጉቶው።»

አባቷ ቀራንዮ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ መለካት ይወዳል። የትልቁን ጎን በስንዝር ለካ። የትንሹንም ለካ። ጎንበስ ብሎ ሆዱን በጣቱ ቆረቆረ።

«እኔም ያሰብኩት ይሄንኑ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከሱ ቀድሜ።»

ይህን ሲሰማ ፊቱ የጠቆረው ኤልናታን ነው። የዮርዲ ታላቅ ወንድም ነው፤ ትራክተሩን የሚነዳውም እሱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የቀዩን ጋቢና በር ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር።

«አቦ! በዚህች ፋራ ነገር ነው ጫካ የምገባው? ሙድ ሊያዝብኝ!»

«ጫካ ውስጥ ማን ያይሃል?» አለች ዮርዲ።

«ጦጣዎቹስ?»

«እነሱማ ዘመድ ናቸው፣ ይችሉሃል።»

ዘይት የጠጣ ጨርቅ ወረወረባት። ሳታት። ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ነገር እንዳታበላሺ። እንደለመድሽው አለሳልሺው። ዛሬ ቁልፍ ሳልይዝ ከዚህ ግቢ አልወጣም።»

ሰማያዊው ትንሽ ትራክተር ጋቢና የለውም። ከመቀመጫው ኋላ እንደ ኳስ ጎል የታጠፈ ወፍራም ብረት ቆሟል። አባቷ ብረቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

ባለቤቱ ኑሕ ፈጣን ሰው ነው። «ቢገለበጥ የሚነዳው ሰው እንዳይጨፈለቅ ነው። ቀበቶም አለው። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ካለ ይታጠፋል፣ ይኸው።» መቆለፊያ ፒኑን ነቅሎ ብረቱን ወደ ኋላ አጠፈው፤ መልሶ አቆመው። «ካልፈለጋችሁት ደግሞ ጎረቤቴ ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር አለው፣ አሁኑኑ እናነሳላችኋለን። እኔ ሻጭ ነኝ ወንድሜ፤ ገዢው እንዳለ ነኝ።»

«በየዛፉ ሥር እየወረደ ሲያጥፍና ሲያቆም ሊውል ነው?» አለ አባቷ። «ይነሳ። ሂጂ ንገሪው ለዚያ ሰውዬ፤ ብረቱ ይነሳል ብሏል በይው።»

ሄዳ ነገረቻቸው። ጋሼ ሀብቴ ያን ጊዜ ዞረው አዩዋት። ዓይናቸውን እንዲህ በቅርብ አይታው አታውቅም።

«ስሚ። ንገሪው። ያንን ቁልቁለት አያውቀውም። አባታችን ከተቀበረ ወዲህ እግሩ ረግጦት አያውቅም። ግንድ ሲጎትት የትራክተሩ ፊት ይነሳል። ተነስቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ የሚነዳው ሰው ሥሩ ይቀራል። የለሊሳን ልጅ ከሥሩ ያወጣሁት በዚህ እጄ ነው። ያን ቀን እሱ የት ነበር? ሱቁ ቁጭ ብሎ ምስማር ሲመዝን! ብረቱን ካስቆረጠ ልጁን በላው በይው። ጉድጓዱን ራሱ ይቆፍር። እኔ ቀብሩ ላይ አልቆምም በይው።»

ዮርዲ መንገድ ጀመረች። ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ቀብር ላይ አልቆምም የሚል ቃል ተሸክማ አታውቅም። ይህን ለአባቷ ብትነግረው የሚሆነውን አወቀችው፦ ድንጋይ ይነሳል፣ ዱላ ይነሳል፣ ኑሕ ይጮሃል፣ ሰው ይሰበሰባል። ኤልናታን ከትንሹ ትራክተር መቀመጫ ላይ ሆኖ ዓይኑን አፍጦባታል። አለሳልሺው ይላል ዓይኑ። ቀብሩን ጣለችው። ጉድጓዱን ጣለችው። ምስማሩን ጣለችው። የለሊሳ ልጅም ከምስማሩ ጋር አብሮ ወደቀ። አባቷ ፊት ስትደርስ እጇ ላይ የቀረው ይህ ብቻ ነበር፦

«ብረቱ ባይነካ ይሻላል ብለዋል።»

«ይሻላል?» አባቷ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «እሱ የሚሻለውን መቼ አውቆ ያውቃል! እኔ ይነሳ ስላልኩ ነው። ኑሕ፣ ጥራው ሰውዬህን። ይቆረጥ።»

«ይቆረጥ!» አለ ኤልናታን፣ ከትራክተሩ እየዘለለ። «ቁመናውም ሰው ያስቃል።»

ጎረቤትየው የግራይንደሩን ገመድ እየጎተተ መጣ። አባቷ ከፍንጣሪው ለመራቅ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ጄኔሬተሩ ላይ ሰካው። ዲስኩን አጠበቀ። አንዴ አስነስቶ ሞከረው፤ ድምፁ ጥርስ ያፋጫል።

ዮርዲ ብረቱን አየችው። ኤልናታን ተቀምጦ ሳለ ብረቱ ከራሱ በላይ ክንድ ያህል ያልፍ ነበር። ብረቱ ሲቆረጥ ከወንድሟ ራስ በላይ ምንም አይኖርም። ሰማይ ብቻ።

የለሊሳ ልጅ ትዝ አላት። ለሊሳ የጫካው ጎረቤት ናቸው። ልጃቸው የሞተ ቀን ጋሼ ሀብቴ ልብሳቸው ጭቃ እንደሆነ አጥሩ ጋ መጥተው ብዙ ተናግረው ነበር። ስለ ትራክተር። ስለ አባቷ እፍረተ ቢስነት። እሷ ይዛ የሄደችው «ለሊሳን ልቅሶ ድረሳቸው ብለዋል» የምትለዋን ብቻ ነው። አባቷ እግሩን አሞት ነበርና አልደረሰም። እስከ ዛሬ ልጁ መኪና ገጭቶት የሞተ ነው የሚመስለው። ሲያወራው ሰምታለች። ሰምታ ዝም ብላለች።

ወደ ኮንቴይነሩ ተመለሰች። ይህን ጊዜ ማንም አልላካትም።

«ሊቆርጡት ነው» አለች።

ጋሼ ሀብቴ መንጋጋቸው ተንቀሳቀሰ። «ያልኩሽን ነግረሽዋል?»

ዮርዲ መሬት መሬት አየች።

«የለሊሳን ልጅ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ቀብሩንስ?»

«አልነገርኩትም። ባይነካ ይሻላል ብለዋል አልኩት።»

«ዛሬ ብቻ ነው?»

ለመዋሸት ጊዜ ነበራት። አልዋሸችም። «ሁልጊዜ ነው፣ ጋሼ። የእርስዎንም የእሱንም።»

ረጅሙ ሰውዬ ለአፍታ ያጠሩ መሰላት። ከዚያ ፊታቸው ተመልሶ ጠነከረ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ቃሌን ስትሰርቂኝ ነው የኖርሽው! ሂጂ! አሁኑኑ ሂጂና እንዳለ ንገሪው! አንድ ቃል እንዳታጎድዪ!»

ሄደች። የሄደችው ግን ወደ አባቷ አልነበረም። ግራይንደር የያዘውን ሰውዬ በጎን አልፋ የትንሹን ትራክተር መርገጫ ረገጠች፤ ወጥታ መቀመጫው ላይ ተቀመጠች። ብረቱ ከጀርባዋ ቆሟል። ግራይንደሩ ጆሮዋ ሥር ያጓራል።

«አንቺ ልጅ፣ ፍንጣሪው ያቃጥልሻል!» አለ ሰውዬው፣ እያጠፋ።

«ውረጂ!» አለ አባቷ ከበሩ።

«ምን ሆነሽ ነው? ላሽ በይ ከዚያ!» አለ ኤልናታን። እጇን ሊይዝ ተዘረጋ፤ በክርኗ መታችው። ጠንክራ ነው የመታችው።

ኑሕ ግራና ቀኝ አየ። የሚሆነው አላማረውም። ሄዶ ጄኔሬተሩን አጠፋው። ግቢው ጭር አለ። ከውጭ የሚኒባስ ረዳቶቹ ጥሪ ተሰማ፦ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!»

«ውረጂ ብዬሻለሁ!» አባቷ እየመጣ ነው። «ምን አለሽ ያ ሰውዬ? ምን ብሎ ላከሽ?»

«አልነግርህም።» በጣቷ ወደ ኮንቴይነሩ አመለከተች። «ያውልህ፣ እዚያ ቆመዋል። ራሳቸው ይንገሩህ። እኔ ከእንግዲህ የማንንም ቃል አልሸከምም።»

ጋሼ ሀብቴ ከጥላው ወጡ። በዘይቱ ኩሬ ውስጥ ረግጠው መጡ፤ አልዞሩትም። የኋላው ጎማ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አባቷ የፊተኛው ጎማ ጋ ቆሟል። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም። ሁለቱም የሚተነፍሱት በአፍንጫቸው ነው፤ አንድ ዓይነት ትንፋሽ። ይህን ዮርዲ ከላይ ሆና አየች።

«አንተ ምስማር ቸርቻሪ!» አሉ ጋሼ ሀብቴ።

«ማንን ነው? አንተ አጠና ለቃሚ!»

«አንተን ነው! ለሊሳ ልጁን ሲቀብር በርህን ዘግተህ የተኛኸውን! አሁን ደግሞ የራስህን ልጅ ልትደግም!»

«የለሊሳን ልጅ እዚህ ምን አመጣው?» አባቷ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ሳይጨርስ ወረደ። «እሱን መኪና አይደለም እንዴ የገጨው?»

የጠየቀው ወንድሙን ነው። ያየው ግን ዮርዲን ነው። በልማድ። ጋሼ ሀብቴም ዞረው እሷን አዩ።

«ንገሪው» አሉ።

ዮርዲ መሪውን አየች። ቀና አላለችም። ሁለቱ ሰዎች ጠበቁ። ኤልናታንም ጠበቀ፤ አፉ ክፍት ነው። ውጭ ያለው ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ።

ጋሼ ሀብቴ ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ትራክተር ነው» አሉ፣ የወንድማቸውን ፊት እያዩ። «ግንድ ሲጎትት ወደ ኋላ ተገለበጠበት። አባቱ ብረቱን አስቆርጦት ነበር። ቅርንጫፍ ይይዛል ብሎ።»

አባቷ ኤልናታንን አየው። ከእግሩ እስከ ራሱ፣ እንደሚለካ ሰው አየው።

«እና» አለ ግራይንደር የያዘው ሰውዬ፣ «ልቁረጠው ወይስ ልሂድ?»

ዮርዲ በመቀመጫው ጎን በእጇ ዳበሰች። ቀበቶውን አገኘችው። አቧራ ጠጥቷል። ስባ አወጣችውና በወገቧ ዙሪያ አሰረችው።