የአሰግድ አማና

«አማና ነው ጋሼ ከቢር። እስክመለስ ይያዙልኝ።»

አሰግድ የታሸገውን ሳጥን በባንኮኒው ላይ ገፋ አደረገው። ሽማግሌው ምን እንዳለበት አልጠየቁም። የሱቃቸው መደርደሪያ ገበያተኛው ባኖረው አደራ ሞልቷል። በይፋት አማና አይከፈትም። የማን እንደሆነም ለሌላ አይነገርም።

«መሰላሉንስ ልያዝልህ? ሸዋ ሮቢትን ሙሉ ተሸክመኸው ዞርክ እኮ!» ብለው ሳቁ።

«እሱማ እንጀራዬ ነው።»

አሰግድ የሚባል ሰው ግን የለም፣ ልጆቼ። የከተማው መብራት አገልግሎት አሮጌ አምፖል እየተቀበለ ኃይል ቆጣቢውን ሲያድል፣ ከቀያሪዎቹ ጋር ተቀላቅሎ የገባ ሰላይ ነው። የምስጢር ስሙ «ኩራዝ»። አገልግሎቱ ለቆላው ጤና ጣቢያዎች በፀሐይ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ተክሎላቸው ነበር። ባትሪዎቹን ሌባ ፈጃቸው። በዚያ ሐሩር የሕፃናቱ ክትባት ተበላሸ። ሌባውን ፈልግ ተብሎ ነው የመጣው።

ሳጥኑን እዚያ አስቀምጥ ያለው አለቃው ተፈራ ነበር። የምስጢር ስሙ «ዋርካ»።

«ውስጡ የድምፅ መቅጃ አለ። ሌቦቹ እዚያ ሱቅ ነው የሚገናኙት» ብሎት ነበር። አመነው።

ከሱቁ ፊት ለፊት መሰላሉን አቁሞ አምፖል መፍታት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የፖሊስ መኪና ደረሰ።

ቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄዱ።

ሲከፈት የጤና ጣቢያ ባትሪ ወጣ። መቅጃ የሚባል ነገር የለም።

አሰግድ መሰላሉ ላይ ደረቀ። ሳጥኑ እዚያ መኖሩን ያወቀ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ዋርካ።

«የማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«አማና ነው» አሉ ጋሼ ከቢር።

«የማን?»

«ባለቤቱ ካልፈቀደልኝ ወላሂ አልናገርም።»

«አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ!» አለች ልጃቸው ሪሀና እያለቀሰች።

ሽማግሌው ቀና ብለው መሰላሉን አዩ። ጠበቁት። ከዚያ ማንም እንዳይጠረጥረው ዓይናቸውን መለሱ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን አሰግድ ከተናገረ ዋርካ ይሰማል፤ የተሰረቁት ባትሪዎችም ይሰወራሉ።

አምፖሉን ማዞር ቀጠለ።

ጋሼ ከቢርን አስረው በገበያው መሀል ወሰዷቸው። «ሽማግሌ ሌባ!» አለ አንዱ። አንድ ጫማቸው ወልቆ ደጃፉ ላይ ቀረ።

ስልኩ ጮኸ። ተፈራ ነው።

«ኩራዝ፣ ሰውዬው ተያዘ። ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ዛሬውኑ ውጣ።»

«እሺ።»

«ምነው ድምፅህ?»

«ሙቀቱ ነው።»

ዋርካ ያላወቀው ነገር ነበር። ኩራዝ ከባትሪዎቹ በአንዱ ውስጥ የሄደበትን የሚጠቁም መሣሪያ ደብቆ ነበር። ያም ባትሪ ሰሞኑን ተሰርቋል። አሁን ስልኩ ላይ ባትሪው ያለበትን የምታሳይ ነጥብ ትሄዳለች። ወደ ደብረ ሲና ዳገት።

ከተፈራ በላይ ላለችው ኃላፊ፣ ለናጅዋ ደወለ።

«ባትሪዎቹን የጫነውን መኪና ጣርማ በር ላይ፣ ዋሻው አፍ ጠብቁት።»

ሽንኩርት የጫነ መኪና ለምኖ ተከተለ። ሲደርስ ጣርማ በር ጉም ለብሷል። አንድ አይሱዙ ታግዶ ቆሟል። ከጫነው ፓፓያ ሥር ባትሪዎቹ ተደርድረዋል። ተፈራ በካቴና ታስሮ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል።

«ሽማግሌውን ሲያስሩት እዚያው ነበርክ፣ አይደል?» አለው ተፈራ።

«ነበርኩ።»

«ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ።»

ተፈራ ሳቀ። «እኔ የሸጥኩት ባትሪ ነው። አንተ ግን ሰው።»

ኩራዝ ኮሌታውን ወደ ላይ ሰብስቦ ፊቱን አዞረ።

ባትሪዎቹ ወደየጤና ጣቢያው ተመለሱ። አዲስ የመጣው ክትባትም ቀዘቀዘ። ጋሼ ከቢር ይቅርታ ተብለው ተፈቱ። «አሰግድ» ግን ወደዚያ እንዳይመለስ፣ ማንነቱንም እንዳይገልጽ ታዘዘ።

ክረምት ሲገባ በሌላ ስም ወደ ደሴ ሲጓዝ ሚኒባሱ ሸዋ ሮቢት ቆመ። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። እሱ የሰቀለው አምፖል እዚያው አለ። ጋሼ ከቢር በር ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው መደርደሪያው ባዶ ነው።

ከጎኑ የተቀመጡት እናት በአገጫቸው ወደ ሱቁ አመለከቱ። «እኚያ ሰውዬ ይታዩሃል? የተሰረቀ ነገር ተገኘባቸው ከተባለ ወዲህ አማና የሚያኖርባቸው ጠፋ። እሳቸው ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ይመላለሳሉ።»

«ምን ፈልገው?»

«ሳጥን። አንድ ልጅ ሰጥቷቸው ነበር አሉ፤ ስሙን ግን ዛሬም አይናገሩም። ባትሪው የጤና ጣቢያው ነው፣ ባዶውን ሳጥን እንኳ ስጡኝ፣ ልጁ መጥቶ ሲጠይቀኝ ምን እለዋለሁ፣ ነው የሚሉት።»

«አልተቀየሙትም?»

«ኧረ! ልጅ ነው፣ ፈርቶ ነው ዝም ያለው ይላሉ። የት ወድቆ ይሆን እያሉ ዱዓ ያደርጉለታል።»

ረዳቱ በሩን ያዘ።

«ወራጅ አለ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደ ሚኒባሱ ያያሉ። የሚወርደውን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያዩት።

«ወራጅ!» አለ ረዳቱ ደግሞ።

ኩራዝ የመስኮቱን መጋረጃ ሳበ።

«የለም» አለ።