ከእህቴ ይልቅ በጥንቃቄ

ድንቡሼ ያቺን ረጅም ዓረፍተ ነገር ምንም ሳይንተባተብ ሲናገራት፣ እህቱ ንፋስ የታጠበ ፎጣ የሞላ ቅርጫት እንዳቀፈች የእናታቸው ፀጉር ቤት በር ላይ ቀጥ ብላ ቀረች።

«ማይ ከዝን ስዊፕስ ሞር ኬርፉሊ ዛን ማይ ማዘር» ነው ያለው። የአክስቴ ልጅ ከእናቴ ይልቅ በጥንቃቄ ትጠርጋለች ማለቱ ነው። እናቱ የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች፣ በሰው ፊት አዋረድከኝ አይደል ብላ ሳቀች። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጡት ሴትም ምን እንደተባለ ሳይሰሙ፣ ሌላው ስለሳቀ ብቻ አብረው ሳቁ። መጥረጊያ የያዘችው የአክስታቸው ልጅ ደግሞ የወዳደቀውን ፀጉር ወደ ጥግ እየሰበሰበች፣ አሁን ቀስ ብዬ ስጠርግ እየኝና ሌላ ንገረኝ አለችው።

ያልሳቀችው ንፋስ ብቻ ነበረች። እርር ድብን ብላለች። እንዴት አትል! ተውሳከ ግስን እያነጻጸሩ መናገር የሚባለውን ነገር በዚህ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ለማስገባት ስንት ቀን ጉሮሮዋ እስኪነቃ የጮኸችው እሷ ናት። እንግዳዋ መጥታ በአንድ ከሰዓት፣ ያውም መጥረጊያ ይዛ፣ እንዲህ ታስለፍልፈው?

ነገሩ የጀመረው ድንቡሼ በእንግሊዝኛ የወደቀ ጊዜ ነው። አራተኛ ክፍል ነው። ጉንጩ ሙሉ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሰው ሁሉ ሳይቆነጥጠው የማያልፍ ልጅ ስለሆነ ስሙን ከመዝገብ በቀር የሚጠራው የለም። የእንግሊዝኛ መምህሩ አዘኑለትና አንድ ዕድል ሰጡት። በቃል ይፈተናል፤ ሰዎች አንድን ነገር ሲሠሩ አይቶ ማን ይበልጥ በፍጥነት፣ ማን ይበልጥ በዝግታ እንደሠራ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ከቻለ ከጓደኞቹ ጋር ወደ አምስተኛ ያልፋል። ካልቻለ ክፍል ይደግማል። ድንቡሼ ይህን የሰማ ቀን አልጋው ስር ገብቶ አልወጣም ብሎ፣ አባቱ ከሥራ መጥቶ በእግሩ ስቦ ነው ያወጣው።

የማስተማሩ ሥራ ለንፋስ ተሰጠ። ማን ይቀማታል? ከስምንተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ የሚያክላት የለም። ንፋስ ያላትም አባቷ ነው፤ ስትራመድ፣ ስትበላ፣ ዕቃ ስታጥብ ሁሉ ጥድፊያ ስለሆነች። ማስተማሯም እንደዚያው ሆነ። ሠንጠረዥ አሠመረችና፣ «ፋስት፣ ፋስተር፣ ፋስተስት» እያለች በቃሉ እንዲሸመድድ አዘዘችው። ሲረሳ ትጮኻለች። ስትጮኽ ጭራሽ ይጠፋበታል። አንድ ቀን ሠንጠረዡ ላይ ተደፍቶ ተኝቶ አገኘችው፤ የ«ሞር» ቀለም ጉንጩ ላይ ታትሞ ነበር።

የአክስቷ ልጅ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። እናቷ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስለተዛወረች፣ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ እነሱ ቤት ትቀመጣለች። ዕድሜያቸው እኩያ ነው፤ ክፍላቸውም አንድ ነው። ንፋስ ግን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ ሳምንታት አልፈውም «እንግዳዋ» ነው የምትላት። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ጥፋቷ እሱ ነው እንግዲህ፤ ምንም አለማጥፋቷ። ቀስ ብላ ትናገራለች፣ አልጋዋን ሳትታዘዝ ታነጥፋለች፣ የፀጉር ቤቱ ደንበኞች እንደ እሷ ያለ ልጅ ይስጠን ይላሉ። ንፋስ ባለችበት ነው የሚሉት።

እንግዳዋ ሠንጠረዡን አይታ ምንም አላለችም። ድንቡሼን ብቻ እጁን ይዛ ወደ ፀጉር ቤቱ ወሰደችውና ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ሰው ሲሠራ ሳያይ ምኑን ከምኑ ያወዳድራል ነው ሐሳቧ። ከዚያ በኋላ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ታሠራለት ጀመር። ከእናቱ ጋር ፎጣ ታጥፋለች፣ ከደንበኛ ጋር እስከ በሩ ትራመዳለች፣ ከአባቱ ጋር ታፏጫለች። እሱ ማን እንዴት እንደሠራ ይናገራል። ካስክ ስር የሚቀመጡት ሴት ሳይቀሩ፣ እኔ ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብዬ ነው የማወራው በልልኝ ብለው አስተምረውታል።

ንፋስን የባሰ ያቃጠላት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ድንቡሼ ከኋላ እየሮጠ «እትዬ! እትዬ ጠብቂኝ!» አለ። ንፋስ ቆማ ዞረች። እሱ ግን አልፏት ሄደና የእንግዳዋን እጅ ያዘ። እትዬ የሚለው ንፋስን ብቻ ነበር። ከአፉ ከወጡት የመጀመሪያ ቃላት አንዱ ነው፤ የራሷ ነው። ሁለቱንም ጥላ እቤት ቀድማ ገባች።

በማግስቱ ልምምዱ ውስጥ እኔም እገባለሁ አለች። እንግዳዋ ደስ አላት። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ፎጣ ማጠፍ ጀመሩ። ንፋስ ክምሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችና ወደ ወንድሟ ዞረች። ድንቡሼ አንዴ የሷን ክምር፣ አንዴ የእንግዳዋን ክምር አየ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ከእህቴ ይልቅ በጥራት ታጥፋለች ብሎ፣ ያውም ያለ አንድ ስህተት፣ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ንፋስ ያጠፈችውን ፎጣ ወንበሩ ላይ ወረወረችው።

«ዓይንህ ታውሯል? ከዛሬ ጀምሮ እህትህ እሷ ናት። እኔን እንዳታናግረኝ!»

እውነትም አላናገረችውም። ራት ላይ ዳቦ አቀብይኝ ሲላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በነጋታውም ፊቷን እንዳጠቆረች ዋለች። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ለውጥ መጣ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ድንቡሼ የሚናገረው ንፋስ የምትበልጥበትን ብቻ ሆነ። እህቴ ከአክስቴ ልጅ ይልቅ በፍጥነት ትራመዳለች፣ እህቴ ይበልጥ ጮክ ብላ ትዘፍናለች፣ እህቴ ቶሎ ትበላለች። እንግዳዋ የምትበልጥበት ሲመጣ ጫማውን ማሰር ይጀምራል። ንፋስ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ደስ ብሏት ነበርና ምን አስጠየቃት።

እንግዳዋ ግን አይታለች። የመኝታ ክፍላቸውን አብረው እያጸዱ ሳለ ቀስ ብላ ጀመረች።

«እኔ እኮ መሸነፍ ብዙም አይከብደኝም። አንቺም አንዳንዴ ብትሸነፊ…»

«ላንቺ?»

«ለሱ ስትይ ነው ያልኩት።»

«አቦ ተይኝ» አለች ንፋስ። እሷ ልታስተምራት ነው እንዴ? የማንን ወንድም ነው እንዲህ የምታውቀው? ንግግሩ በዚያው ቀረ።

የፈተናው ቀን ሲደርስ መምህሩ፣ የክፍል ልጆች እየሳቁ ስለሚያስቸግሩ እያንዳንዱ ተፈታኝ ከቤቱ ሁለት ሰው ይዞ ይምጣ ብለው ላኩ። እናታቸው ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ይዛለች፤ አባታቸው ሥራ ላይ ነው። የቀሩት ሁለቱ ሆኑ። መንገድ ላይ ድንቡሼ በመሀላቸው ሆኖ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይለማመዳል። ንፋስ ደግሞ በሆዷ የራሷን ነገር ታስባለች። ዛሬ በሁሉም ልትበልጥ ነው። መምህሩ ፊት፣ በእንግሊዝኛ፣ ደጋግሞ እሷን እያስቀደመ ይናገራል።

የፈተናው ክፍል ወንበሮች ወደ ግድግዳ ተገፍተው መሀሉ ባዶ ሆኗል። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ካርዶች ደርድረዋል፤ አጠገባቸው ብርጭቆና አንድ ጆግ ውሃ አለ። ለድንቡሼ አሠራሩን አስረዱት። ልጆቹ ካርዱ ላይ ያለውን ይሠራሉ፤ እሱ ያየውን ያወዳድራል። ከግማሽ በላይ ከመለሰ አለፈ።

የመጀመሪያው ካርድ ቶሎ መራመድ ነበር። ንፋስ እስከ መስኮቱ ደርሳ ስትመለስ እንግዳዋ ገና መሀል ላይ ናት። ድንቡሼ ዓይኑ በርቶ፣ እህቴ ከአክስቴ ልጅ ይልቅ በፍጥነት ትራመዳለች አለ። መምህሩ ምልክት አደረጉ። ንፋስ ደረቷ ተነፋ።

ሁለተኛው በጠመኔ አጥርቶ መጻፍ ነው። ሁለቱም ሰሌዳው ላይ አንድ አንድ መስመር ጻፉ። የእንግዳዋ ፊደላት ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። የንፋስ ቶሎ አልቋል፤ ግን ወደ ታች ዘሟል። ድንቡሼ አፉን ከፈተ። ንፋስን አየ። አፉን ዘጋ። መምህሩ ትንሽ ጠብቀው ካርዱን ወደ ጎን አስቀመጡት።

ሦስተኛው ውሃ የሞላ ብርጭቆ ሳያፈሱ መውሰድ ነው። ንፋስ ልትጠነቀቅ ሞከረች፤ እግሯ ግን አልሰማትም። ውሃው ጠብ ጠብ አለ። እንግዳዋ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። ድንቡሼ እንደገና እህቱን አየና አቀረቀረ። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ የዛሬው ጫማው ግን ማሰሪያ የለውም።

ይሄ ደንቆሮ ምን ነካው አለች ንፋስ በሆዷ። ትናንት እንግዳዋን ከእናታቸው ጋር ሲያወዳድር እንደ በቀቀን ሲለፈልፈው አልነበረም እንዴ? መምህሩም ግራ ገባቸው። ከወንበራቸው ተነስተው አጠገቡ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አላወቅኸውም ልጄ?»

«አውቄዋለሁ ቲቸር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«ትቆጣለች።»

ማን እንደሆነች አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ሹክሹክታ ጥርት ብሎ ይሰማል። እንግዳዋ ጠመኔ የነካውን እጇን ማየት ጀመረች። ንፋስ ፊቷ በሀፍረት ጋለ። ያኔ ፎጣውን የወረወረችበት ቀን፣ ራት ላይ ዳቦ የለመናት ድምፁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ደስታዋ ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ልጁ ትምህርቱ አልጠፋበትም። ሊወድቅ የነበረው እሷን ፈርቶ ነው።

መምህሩ ተነስተው ወደሚቀጥለው ካርድ እጃቸውን ሰደዱ።

«ቲቸር» አለች ንፋስ፣ «የውሃውን እንድገመው? ይፈቀዳል?»

ፈቀዱላት። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችና፣ እንደ ልማዷ፣ እየተጣደፈች ሄደች። ውሃው ቀሚሷ ላይ፣ ጫማዋ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተደፋ። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ጉንጭ አይሞላም። እንግዳዋ በተራዋ ሞልታው ቀስ ብላ ሄዳ እንደሞላ መለሰችው።

ንፋስ ወደ ወንድሟ ዞረች። «በል እንጂ» አለችው፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ለስልሶ ወጣ። እሱ ግን የሚያየው ፊቷን ነው። ንፋስ ፊቷን አላመነችውም። ቅናቱ እንደሆነ ከነነፍሱ እዚያው አለ፤ ውሃ አልወሰደውም። ስለዚህ በሩ ጋ የተጣለውን ጨርቅ አነሳችና ተንበርክካ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ያፈሰሰችውን መወልወል ጀመረች።



«ማይ ከዝን» አለ ድንቡሼ፤ ቆም አለ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ከእህቴ ይልቅ በጥንቃቄ ትወስዳለች ብሎ ጨረሰው። መምህሩ ወደ ጎን ያስቀመጡትን የጽሕፈት ካርድ መልሰው አነሱለት። እሱንም ተናገረ። ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «ማይ ሲስተር» መጨረሻ ላይ ትመጣለች፤ ከ«ዛን» በኋላ። በመጣች ቁጥር ንፋስን አንጀቷ ድረስ ይነካት ነበር።

በመጨረሻ መምህሩ ካርድ አላነሱም። ስለ ሁለቱ ከራስህ አንድ ንገረኝ አሉት።

ድንቡሼ ብዙም አላሰበም። «ማይ ከዝን ቲችስ ሚ ሞር ፔሸንትሊ ዛን ማይ ሲስተር» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ አንዲት ቃል ሳትሰበርበት። የአክስቴ ልጅ ከእህቴ ይልቅ በትዕግሥት ታስተምረኛለች።

መምህሩ እየጻፉ ነበር። የብዕሩ ድምፅ ይሰማል። ወለሉ ከደረቀ ቆይቷል። ንፋስ ግን ድንቡሼ ፈተናውን ጨርሶ ከወንበሩ እስኪወርድ ድረስ ቀና ሳትል፣ ጨርቁን ወዲያና ወዲህ እያለች መወልወሏን ቀጠለች።