ላማችን የላሰችው ጅባ

እኔ ዛር፣ ሟርት፣ መንፈስ ሲባል ስቄ የማልፍ ሰው ነኝ፣ እናቴ እንኳ «አንተን ያሳመነ ጸደቀ» ትለኝ ነበር። ይህን የማወራህም ላሳምንህ ሳይሆን ምስጋናዬን የማደርስለት ሰው ስላጣሁ ነው፣ ወዳጄ።

በጃንሆይ ጊዜ አዲስ አበባ ለአንድ ፈረንጅ ምሁር እሠራ ነበር፣ ሥራዬ ከውቅያኖስ ደሴቶች አካባቢ፣ ከጥልቅ ባሕር የወጡ ኮራሎችን መሣል ነበር፣ ኮራል ማለት የጥቃቅን እንስሳት አጽም ነው፣ እነዚህ ደግሞ ቁርጥ ዳንቴል ይመስላሉ። እሱ ቅርንጫፋቸውንና ቀዳዳቸውን እያየ በየዘራቸው ይለያቸዋል። ለመስቀል ቡታጅራ እናቴ ዘንድ ስሄድ ሥራው እንዳይቆም ብዬ አርባ አንዱን በሣጥን ይዤ ወረድኩ፣ ሳላስፈቅድ፣ አትፍረድብኝ።

እናቴ ለበዓሉ ቤት ስታጸዳ ሣጥኑን ከፍታ፣ በየኮራሉ ላይ የታሰረውን ወረቀት በጥሳ፣ ሁሉንም አጥባ ደርድራ ጠበቀችኝ።

«ቆሽሸው ነበር ልጄ፣ ወረቀቶቹን ሰፌድ ላይ አድርጌልሃለሁ» ብላኝ ገበያ ሄደች።

የትኛው ከየትኛው ደሴት፣ ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደወጣ የሚነግረኝ ያ ወረቀት ብቻ ነበር። መባረሬ ነው ብዬ ቁጭ አልኩ።

ዝናቡ ወረደ። «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ዓይናቸው የማያይ አሮጊት ደጃፍ ላይ ቆመዋል፣ ውሻችን እንኳ አልጮኸም።

«ይግቡ እማማ» ብዬ ጅባው ላይ፣ ከእንሰት በተሠራው ምንጣፋችን ላይ፣ አስቀመጥኳቸው።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትተነፍሰው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«በል ወረቀቱን አንብብልኝ።»

አነበብኩ። እናቶቻችን እንሰትን በየዓይነቱ እንደሚለዩት፣ በጣታቸው እየዳበሱ «ይቺ ናት» እያሉ አርባውን አቀበሉኝ። እያንዳንዷን መጀመሪያ ወደ ጆሮአቸው ያስጠጓታል፣ እኔም ከውስጧ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር የሰማሁ መሰለኝ፣ ዝናቡ ይሆናል። የመጨረሻዋ ላይ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቺ ወረቀቱ ከሚለው ቦታ አልመጣችም። አለቃህን ጠይቀው።»

የሚጠጣ ላመጣላቸው ጓዳ ገብቼ ስመለስ የሉም፣ ጭቃው ላይም ዱካ አልነበረም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ጥፋቴን ሁሉ ተናዘዝኩ። ፈረንጁ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ከማስታወሻው ጋር አመሳከረ፣ አርባዎቹ ልክ ነበሩ። ስለ አንዷ የተባለውን ስነግረው ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«መርከብ ላይ ወረቀቷ ጠፍቶብኝ ቦታዋን በግምት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለ። አላባረረኝም፣ እንጀራዬ ተረፈ፣ እሳቸውን ፈጣሪ ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልነገርኩትም። ያን ጊዜ ቡታጅራ፣ አሮጊቷ የመጡ ዕለት፣ ላማችን የተቀመጡበትን ጅባ መላስ ጀመረች። ቦታው ረጥቦ ነበር፣ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፣ ጨው ነው። እናቴ ሦስቴ አጠበችው፣ ላሟ ግን መላሷን አልተወችም።

ዛሬም ዝናብ ሲጥል በሬን ገርበብ አድርጌ እተዋለሁ፣ መጥተው እንዳመሰግናቸው። ቢመጡ ግን «ይግቡ እማማ» ለማለት አፌ ይታዘዝልኝ እንደሆነ እንጃ።