የሰንበቴ መስመር

ኢንስፔክተር ረቢአ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ስትደርስ የሙሐመድዘይን አስከሬን ከኢንተርኔት ማማው ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ወገቡ ላይ ማማ ሲወጣ የሚታጠቀው ቀበቶ አለ።

«ኢናሊላሂ! የሰንበቴ መስመር ቢቋረጥበት ሊጠግን ወጥቶ ነው የወደቀው» አላት ሸሪኩ አብዱልፈታህ።

ማማው የሁለቱ ነው። በሰንበቴ ከተማ ኢንተርኔት የምታከፋፍለው የሙና መስመር የሚያልፈውም በዚሁ በኩል ነበር። «ደንበኞችሽ የሚያዩትን ቪዲዮ ሁሉ ተሸክመን የምናደርሰው እኛ ነን፤ የማሳለፊያ ክፈይ» ሲሏት፣ «የእኔ ደንበኞች ባይኖሩ ማማችሁን ማን ይፈልገዋል?» እያለች፣ ጠባቸው ዓመት አልፎታል።

ረቢአ ተንበርክካ ቀበቶውን ፈታችው። ሸሚዙ ከአንገት እስከ ወገብ በደም ርሷል፤ ቀበቶውን ግን ጠብታ እንኳ አልነካውም።

«ማን አገኘው?»

«እኔ» አለ ቴክኒሻኑ ሙሀመድኑር። «ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ ስገባ። ወላሂ፣ አልነካሁትም።»

ሙና ከሰንበቴ ስትደርስ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር።

«ጠበኞች ነበራችሁ» አለቻት ረቢአ።

«ነበርን። ትናንት ግን ታረቅን።» ስልኳን አውጥታ ሟቹ የላከላትን ድምፅ አሰማቻት፦ «ሙና፣ ከእንግዲህ ማንም ለማንም አይከፍልም። ያንቺን እኔ፣ የእኔን አንቺ እናሳልፍ። ለአብዱልፈታህ ጠዋት እነግረዋለሁ።»

ረቢአ የማማውን ኮምፒውተር አስከፍታ አየች፤ አስከሬኑን ለመረመረው ሐኪምም ደወለች። ከዚያ ሦስቱን በማማው ሥር ካለችው የባትሪ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ እንደሚለው የሞተው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የሰንበቴ መስመር የተቋረጠው ደግሞ ሁለት ሰዓት ከአሥር። ታዲያ ያልተቋረጠ መስመር ሊጠግን ወጣ?»

ቀበቶውን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ቀበቶው ደም የሌለበት ከሞተ በኋላ ስላስታጠቁት ነው። ከማማ አልወደቀም። ሙሀመድኑር፣ መስመሩ እንዴት ተቋረጠ?»

«በይለፍ ቃል ተዘግቶ ነው። እኔ አላውቀውም። የሚያውቁት ሁለቱ ባለቤቶች ብቻ ናቸው።»

«አንደኛው ሞቷል» አለች ረቢአ፣ ወደ አብዱልፈታህ ዞራ።

አብዱልፈታህ ወደ ባትሪዎቹ ተመለከተ። «ሳያማክረኝ! ሰንበቴን ለቃልን ልትወጣ ትንሽ ነበር የቀራት። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም። ጭንቅላቱ የባትሪው ብረት ላይ አረፈ።»

«ከዚያ ጎትተህ አወጣኸው፣ ቀበቶ አስታጠቅኸው፤ የወጣበት ምክንያት እንዲኖር ደግሞ መስመሩን ዘጋህ።»

«አዎ» አለ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ካቴና ሲገባለት የይለፍ ቃሉን ለሙሀመድኑር ነገረው። መስመሩ እንደተከፈተ የሙና ስልክ በደንበኞቿ የምስጋና መልእክት ይንጫጫ ጀመር። አንዱንም አላነበበችም። ስልኳን አጥፍታ፣ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ ወደ ሟቹ ሚስት ቤት ቁልቁለቱን ወረደች።