የሰይድ ቆርኪ

በደርግ ጊዜ ይፋት ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነርስ ሳለሁ፣ ጂን ቢመጣ እንኳ ተረኛ አድርጌ የምመድበው ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ የምስቀው እኔ ነኝ።

እኔ የማምነው በበቆሎና በቆርኪ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ በጠመኔ ሁለት የቀዶ ሕክምና አልጋ እስላለሁ፣ እያንዳንዱ የቢራ ቆርኪ ስሙ ውስጡ የተጻፈበት ሠራተኛ ነው፣ በሽተኞቹ የበቆሎ ፍሬ ናቸው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከጣሳ እየዘገንኩ የነገን ሥራ ዛሬ አጫውታለሁ፣ የት ሰው እንደሚያንስ እዚያው ይታየኛል፣ እንዲህ ያለ ማሽን ሞስኮም የለም እል ነበር።

አንድ ዓርብ ማደንዘዣ ሰጪያችን ሰይድ ለእህቱ ሠርግ አጣዬ ልሂድ አለኝ። ቅዳሜን ያለ እሱ ደጋግሜ አጫወትኩት፣ ሌላዋ ማደንዘዣ ሰጪ ብቻዋን ተወጣችው፣ «ሂድ» አልኩትና ቆርኪውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ።

ቀትር ነው፣ ገሚሱ ጁምዓ ሄዷል፣ ገሚሱ ጥላ ሥር ተዘርሯል፣ የሸዋ ሮቢት ቀትር ደግሞ ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል የምትጥልበት ነው፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ስመለስ የሰይድ ቆርኪ ሁለተኛው አልጋ ላይ ተቀምጧል። «አይጥ ናት» አልኩና መሳቢያው ውስጥ ቆለፍኩበት። ፊቴን ወደ መስኮቱ ሳዞር ጢቅ አለ፣ ደግሞ ጢቅ፣ መቀስ ብረት ሳህን ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ድምፅ። ዞርኩ። ቆርኪው እዚያው አልጋ ላይ፣ በሁለቱም አልጋዎች ላይ አንድ አንድ በቆሎ፣ ማን ዘገነው? ብነካው፣ በዚያ ሙቀት፣ ቆርኪው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

መልሼ እንደቆለፍኩበት ሰይድ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ።

«ጋሼ፣ መሄዴ ነው።»

«አትሄድም።»

«ወላሂ ያለችኝ እህት አንድ ናት! አሁን ሂድ አላሉኝም?»

«በቆሎው ከለከለ።»

«የእህቴን ሠርግ በቆሎ ነው የሚከለክለኝ? ዶሮ ልጥራና ትልቀመው!»

እየተሳደበ ቀረ። በማግስቱ ምጥ የጠናባቸው ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ከደብረ ሲና አንዷ ከቆላው፣ እኩል ደረሱ፣ አንዳቸውም ወረፋ መጠበቅ አይችሉም፣ ሁለቱም አልጋ ተያዘ፣ ሰይድ ባይኖር አንዷን ቆመን እያየን እናጣት ነበር። እናቶቹም ሕፃናቱም ተረፉ።

ሰይድ ደክሞት ሲወጣ ኪሱን ዳበሰና «ጋሼ፣ ይሄን ማን ጨመረብኝ?» አለ። ቆርኪው ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ከእኔ ኪስ አልወጣም።

ሰይድ «የጋሼ በቆሎ አይሳሳትም» እያለ እስካሁን ያወራልኛል። ጋሼ ግን፣ ይኸው ጢሙ ሸብቶ፣ ቀትር ላይ ሽንት ቤት የሚገባው ብቻውን እንዳይሆን ባለቤቱ በር ላይ ቆማ «እህ፣ እህ» እያለች እየሳለችለት ነው።